የወንዝ አፍና የከተማ ዕድል፤ የአንትወርፕ ወደብ ታሪክና ጠባይ

ስለ ወደብ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው የውሃው ጥልቀት፣ የመርከቡ ብዛትና የሸቀጡ ክብደት ነው። ወደብ ግን በውሃና በድንጋይ ብቻ የሚቆም ነገር አይደለም። ከወደቡ እስከ ባሕሩ ያለው መንገድ በማን እጅ እንደ ሆነና በምን ሕግ እንደሚተዳደር ካልታወቀ የአንድ ወደብ ታሪክ በትክክል ሊታወቅ አይችልም። ይህን ሐሳብ አጉልቶ የሚያስረዳልን በቤልጅግ አገር የሚገኘው የአንትወርፕ ከተማ ነው። አንትወርፕ በአንድ ዘመን የአውሮፓ ንግድ ዋና መናኸሪያ ነበረ። ከዚያም ወንዙ ሳይደርቅ፣ ነጋዴውም ሙያውን ሳይረሳ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ከባሕር ተለይቶ ኖረ። በኋላም እንደ ገና ተነሥቶ ዛሬ በአውሮፓ ከሮተርዳም ቀጥሎ ሁለተኛው ትልቅ ወደብ ሆኗል። ይህ መውደቅና መነሣት ከምን እንደ መጣ በሚከተሉት ገጾች ባጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

፩. የቦታው አቀማመጥ

የስኬልድ ወንዝ ከሰሜን ፈረንሳይ ተነሥቶ ቤልጅግን አቋርጦ ወደ ሰሜን ባሕር ይገባል፤ ርዝመቱም 350 ኪሎሜትር ያህል ነው። አንትወርፕ የተቆረቆረው በዚህ ወንዝ በቀኙ ዳር ሲሆን፣ ከባሕሩ 80 ኪሎሜትር ያህል ወደ አገር ውስጥ ገባ ብሎ ይገኛል። የባሕሩ ውሃ በቀን ሁለት ጊዜ እየሞላ ወደ ወንዙ ስለሚገፋ በከተማው ፊት ያለው ውሃ አምስት ሜትር ያህል ከፍና ዝቅ ይላል። በሸራ ይሄዱ የነበሩት የጥንት መርከቦች ከሙላቱ ጋር ወደ ከተማው ይወጡ፣ ከጉድለቱም ጋር ወደ ባሕር ይወርዱ ነበር። መርከብ ወደ አገር ውስጥ ርቆ በገባ መጠን በጋሪና በእንስሳ የሚጓዘው መንገድ ስለሚያጥር የነጋዴው ወጪ ይቀንሳል። ይህ ሁሉ ተፈጥሮ ለከተማው የሰጠችው ጸጋ ነው።

ነገር ግን ከዚህ ጸጋ ጋር አንድ ከባድ ችግር አብሮ ይኖራል። ምዕራብ ስኬልድ ተብሎ የሚጠራው ሰፊው የወንዙ አፍ በግራም በቀኝም የተከበበው በሆላንዶች ግዛት፣ በዜላንድ አውራጃ ነው። ከአንትወርፕ ተነሥቶ ወደ ባሕር የሚወርድ መርከብ ሁሉ በሌላ መንግሥት መሬት መካከል ማለፍ ግዴታው ነው። የዚህ ከተማ ታሪክ ቋጠሮ ያለው በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

የከተማው ሕዝብም ይህን ነገር ከጥንት ጀምሮ በተረት ሲያስታውሰው ኖሯል። ተረቱ እንደሚለው በወንዙ ዳር አንቲጎን የሚባል ግዙፍ ሰው ኬላ ዘርግቶ ይቀመጥ ነበር፤ ቀረጥ አልከፍልም ያለውን መርከበኛም እጁን እየቈረጠ ወንዝ ይጥልበት ነበር። በመጨረሻ ብራቦ የተባለ ሮማዊ ወታደር ገድሎት እሱም በተራው የዚያን ግፈኛ እጅ ቈርጦ ወንዝ ውስጥ ወረወረው ይባላል። የከተማው ስም «እጅ መወርወር» ከሚል ቃል እንደ መጣ የሚናገሩ አሉ። የቋንቋ ሊቃውንት ግን ስሙ ወንዙ ደለል እየከመረ ከሠራው ከፍተኛ ቦታ የወጣ ሳይሆን እንደማይቀር ያስረዳሉ። የስሙ ነገር እንዲህ ቢሆንም፣ አንድ ከተማ ስለ ራሱ አመጣጥ ሲያወራ ከንጉሥና ከጦር አለቃ ይልቅ የኬላ ጠባቂን ታሪክ መምረጡ ብዙ ያስተምራል። የተቈረጠው እጅ እስከ ዛሬ በከተማው አርማ ላይ ይታያል፤ በ1887 የቆመው የብራቦ ሐውልትም በከተማው አዳራሽ ፊት ለፊት ባለው አደባባይ ይገኛል።

፪. የከፍታው ዘመን

በ15ኛው መቶ ዓመት የዚያ አገር ዋና ወደብ አንትወርፕ ሳይሆን ብሩጅ ነበረ። ነገር ግን ብሩጅን ከባሕር ጋር ያገናኛት የነበረው ዝዊን የሚባለው የውሃ መንገድ በደለል እየተሞላ ሲሄድና ከተማውም ከገዢዎቹ ጋር ሲጣላ፣ የውጭ አገር ነጋዴዎች ቀስ በቀስ ወደ አንትወርፕ ተዛወሩ። በ1499 የፖርቱጋል ንጉሥ የንግድ ቤት ወደ አንትወርፕ መጣ። በ1501 ደግሞ የፖርቱጋል መርከብ ከህንድ የመጣውን ቁንዶ በርበሬና ሌላውን ቅመማ ቅመም ጭኖ ገባ። ከዚህ በኋላ ሦስት ትላልቅ የንግድ መንገዶች በአንድ ቦታ ተገናኙ። ከደቡብ የፖርቱጋል ቅመም፣ ከምሥራቅ የጀርመን ብርና መዳብ፣ ከምዕራብም የእንግሊዝ የሱፍ ጨርቅ ይመጣ ነበር። ፖርቱጋሎች በህንድ ቅመም ለመግዛት ብርና መዳብ ያስፈልጋቸው ስለ ነበር፣ ጀርመኖችም ቅመሙን ይፈልጉ ስለ ነበር፣ አንዱ ሌላውን ፍለጋ አንትወርፕ ላይ ይገናኙ ነበር ማለት ነው።

በ1531 ለነጋዴዎች መሰብሰቢያ ተብሎ አንድ ትልቅ ሕንፃ ተሠራ። በዚያም የሸቀጡ ባለቤት ሸቀጡን ይዞ መቅረብ አያስፈልገውም ነበር፤ የሚሸጠውና የሚገዛው በቃልና በወረቀት ነው። ያልደረሰ መርከብ ጭነት ይሸጣል፤ ነገሥታትም ለጦርነታቸው የሚሆን ገንዘብ ይበደራሉ። የእንግሊዝ መንግሥት ወኪል የነበረው ቶማስ ግሬሻም ይህን አይቶ በለንደን ተመሳሳዩን አሠርቷል፤ ያም የንግድ ቤት በ1571 በንግሥት ኤልሳቤጥ ተመርቋል። በ1560ዎቹ የአንትወርፕ ሕዝብ ወደ 100,000 ደርሶ ነበር፤ ይህም በዚያ ዘመን ከአልፕስ ተራሮች በስተሰሜን ከነበሩት ከተሞች ከታላላቆቹ ተርታ ያስቈጥረዋል።

ወደብ የሚያመጣው ሸቀጥ ብቻ አይደለም፤ ወሬና እውቀትም ያመጣል። ፈረንሳዊው ክሪስቶፍ ፕላንታን በ1555 በአንትወርፕ ማተሚያ ቤት አቋቋመ። ከ1568 እስከ 1572 ባለው ጊዜም በዕብራይስጥ፣ በግሪክ፣ በአራማይስጥ፣ በሱርስትና በላቲን ቋንቋ የተዘጋጀውን ትልቅ መጽሐፍ ቅዱስ በ8 ቅጽ አሳተመ። አብርሃም ኦርቴሊዩስ የዓለምን ካርታዎች በአንድ መጠን አስተካክሎ በአንድ መጽሐፍ የሰበሰበው በ1570 በዚሁ ከተማ ነው።

እዚህ ላይ የእኛም አገር ስም ይነሣል። በአንትወርፕ የፖርቱጋል ንግድ ቤት ጸሐፊ የነበረው ዳምያኖ ደ ጎይሽ፣ እቴጌ እሌኒ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ስለ ላኩት መልክተኛ ስለ ማቴዎስ የሚናገር መጽሐፍ በ1532 በዚያ ከተማ አሳተመ። ይኸው ሰው በኋላ ሊዝበን ላይ ከኢትዮጵያዊው መልክተኛ ከጸጋ ዘአብ ጋር ተገናኝቶ ስለ ኢትዮጵያ ሃይማኖትና ልማድ የሰማውን በ1540 በሉቨን አሳትሟል። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው የቄሱ የፍራንሲስኮ አልቫሬዝ መጽሐፍም በ1558 በፈረንሳይኛ ተተርጕሞ ከፕላንታን ማተሚያ ቤት ወጣ። ኦርቴሊዩስ ግን በ1573 ባወጣው ካርታ የኢትዮጵያን መንግሥት ከምድር ወገብ በታች እጅግ ርቆ እስከ ደቡብ አፍሪቃ ድረስ ዘርግቶ ሥሎታል። እንግዲህ በዚያ ዘመን የነበረ አውሮፓዊ ስለ አገራችን ያወቀውም፣ የተሳሳተውም፣ በከፊል በአንትወርፕ ወደብ በኩል በመጣለት ወሬ ነው።

፫. የተዘጋው ወንዝ

ይህ ሁሉ ሀብት ሰላም በጠፋ ጊዜ ሊቆም አልቻለም። አገሩን ይገዛ የነበረው የስፓኝ ንጉሥ ዳግማዊ ፊልጶስ ነበረ። በሃይማኖትና በግብር ምክንያት በተነሣው ጠብ፣ በ1566 ሕዝቡ የአብያተ ክርስቲያናቱን ሥዕልና ምስል ሰባበረ። በ1576 ደግሞ ደመወዝ ያልተከፈላቸው የስፓኝ ወታደሮች ከተማውን ዘርፈው በሺህ የሚቈጠር ሰው ገደሉ። ከዚህ በኋላ አንትወርፕ በስፓኝ ላይ ከተነሡት ወገኖች ጋር ቆመ።

በ1584 የስፓኝ ጦር አዛዥ አሌሳንድሮ ፋርኔዜ ከተማውን ከበበ። ይህ ሰው የከተማው ነፍስ ያለችው በወንዙ መሆኑን ስለ ተረዳ፣ ግንቡን ከመምታት ይልቅ ከከተማው በታች በስኬልድ ላይ የጀልባ ድልድይ ሠርቶ መንገዱን ዘጋ። የከተማው ሰዎችም ጣሊያናዊው መሐንዲስ ጃምቤሊ ባሩድ ሞልቶ ያዘጋጃቸውን መርከቦች በሚያዝያ ወር 1585 ወደ ድልድዩ ለቀው ከፊሉን አፈረሱት፤ ብዙ መቶ ወታደርም አለቀ። ነገር ግን የተከፈተውን መንገድ በጊዜ ስላልተጠቀሙበት ድልድዩ ተጠገነ። ረኃብ የጠናበት ከተማም ነሐሴ 17 ቀን 1585 እጁን ሰጠ።

ድል አድራጊው ለፕሮቴስታንቶች ንብረታቸውን ሸጠው እንዲወጡ የአራት ዓመት ጊዜ ሰጣቸው። ነጋዴው፣ ሸማኔው፣ አታሚውና የገንዘብ ዐዋቂው ወደ ሰሜን ተሰደደ። በ1589 በከተማው የቀረው ሕዝብ 42,000 ያህል ብቻ ነበር። የአምስተርዳም ታላቅነት ከዚህ ስደት ብዙ ተጠቅሟል። ከሁሉም የከፋው ግን የወንዙ አፍ በሆላንዶች እጅ መቅረቱ ነው። ከባሕር የሚመጣ መርከብ በዜላንድ ጭነቱን አራግፎ ወደ ሆላንዶች ጀልባ ማዛወር፣ ቀረጥም መክፈል ተገደደ። ይህም በ1648 በሙንስተር የሰላም ውል ውስጥ ሕግ ሆኖ ተጻፈ። ስፓኝ ሰላም ለማግኘት ስትል የአንትወርፕን ወንዝ መዘጋት ተቀበለች፤ የአንትወርፕ ነጋዴዎች ጥቅም የተሸጠው በገዛ ንጉሣቸው ፊርማ ነው።

ይሁን እንጂ ከተማው ፈጽሞ ሞተ ማለት አይቻልም። የቀረው ሀብት ወደ ሥነ ጥበብና ወደ ረቂቅ የእጅ ሥራ ዞረ። ሠዓሊው ፒተር ፓውል ሩበንስ ከተሰደደ ቤተ ሰብ ጀርመን አገር ተወልዶ ወደ አንትወርፕ የተመለሰ ሰው ነው። ከ1611 እስከ 1614 የሠራው የክርስቶስ ከመስቀል መውረድ ሥዕል እስከ ዛሬ በእመቤታችን ካቴድራል ይታያል። የካቴድራሉ ግንብ 123 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን የተፈጸመውም በ1521፣ ወንዙ ክፍት በነበረበት ዘመን ነው። ግንቡ የክፍቱ ወንዝ ልጅ ሲሆን ሥዕሉ የተዘጋው ወንዝ ልጅ ነው።

ወንዙን በኃይል ለማስከፈት የተሞከረው በ1784 ነበር። የኦስትርያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዮሴፍ አንዲት መርከብ ቍልቍል ላከ፤ ሆላንዶችም ተኮሱባት፤ ጥይቱም የሾርባ ድስት መታና መርከቢቱ እጅ ሰጠች። የዘመኑ ሰዎች ይህን «የድስት ጦርነት» ብለው ቀልደውበታል። በ1785 በተደረገው ውል ሆላንድ ለንጉሠ ነገሥቱ ገንዘብ ከፈለች፤ ወንዙ ግን እንደ ተዘጋ ቀረ። ለከተማው ሕዝብ ነገሩ ቀልድ አልነበረም።

፬. እንደ ገና መከፈት

ወንዙን የከፈተው የፈረንሳይ አብዮት ነው። የፈረንሳይ ጦር አገሩን ሲይዝ በ1792 የወንዝ መንገድ ለባለ ዳርቻዎቹ ሁሉ የጋራ ነው ብሎ ዐወጀ፤ በ1795 በተደረገው ውልም ሆላንዶች ይህን ተቀበሉ። ናፖሌዎን በ1803 ከተማውን ጐብኝቶ የጦር መርከብ መሥሪያና ሁለት ሰፋፊ የመርከብ ማቆሚያ ገንዳዎች እንዲሠሩ አዘዘ፤ እነሱም በ1811 እና በ1813 ተፈጸሙ። ከናፖሌዎን ውድቀት በኋላ ቤልጅግና ሆላንድ በአንድ ንጉሥ ሥር በሆኑበት ጊዜ ወደቡ ደኅና ሠራ። ነገር ግን ቤልጅግ በ1830 ስትለይ የወንዙ ጥያቄ እንደ ገና ተነሣ።

በ1839 የለንደን ውል ወንዙ ክፍት እንዲሆን፣ ነገር ግን ሆላንድ በያንዳንዱ ቶን 1.50 ጊልደር ቀረጥ እንድትቀበል ተወሰነ። መርከቦች አንትወርፕን እንዳይሸሹ የቤልጅግ መንግሥት ይህን ቀረጥ ከገዛ ግምጃ ቤቱ ይከፍል ነበር፤ ንግዱ በበዛ ቍጥርም ዕዳው ከበደው። በመጨረሻ የቤልጅጉ ባለሥልጣን ላምበርሞን ብዙ ከተደራደረ በኋላ በ1863 ቀረጡ አንድ ጊዜ በ17,141,640 ጊልደር ተገዝቶ ለዘለዓለም ቀረ። ከዚህም ሲሶውን ያህል ቤልጅግ ስትከፍል የቀረውን በወንዙ የሚጠቀሙት ሌሎች መንግሥታት ተካፈሉት። ከ1585 እስከ 1863 ቢቈጠር 278 ዓመት ይሆናል። በመድፍ ያልተፈታው ነገር በሒሳብና በፊርማ ተፈታ።

፭. የክፍቱ ወደብ ሁለት ገጽ

ከዚህ በኋላ የመጣው እድገት ፈጣን ነበር። በ1843 የተከፈተው ወደ ኮሎኝ የሚወስደው የባቡር ሐዲድ የጀርመንን ኢንዱስትሪ ከወደቡ ጋር አገናኝቶ ነበር። ከ1873 እስከ 1934 ሬድ ስታር ላይን የተባለው የመርከብ ኩባንያ ሁለት ሚሊዮን ያህል ሰው ወደ አሜሪካ አሻገረ። ከነዚህም ብዙዎቹ ከምሥራቅ አውሮፓ በድህነትና በስደት የወጡ አይሁድ ነበሩ። በከተማው ከቀሩትም መካከል ብዙዎች በአልማዝ መቍረጥና መሸጥ ሥራ ገቡ፤ ይህም ንግድ የአንትወርፕ ልዩ ምልክት ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግን ጀርመኖች ከከተማው አይሁድ ከግማሽ የሚበልጡትን አግዘው ወደ ሞት ወሰዷቸው።

ወደቡ ያመጣው ሀብት ሌላም ገጽ አለው። ከ1885 እስከ 1908 ኮንጎ የንጉሥ ዳግማዊ ሊዮፖልድ የግል ግዛት በነበረችበት ጊዜ ጎማውና የዝሆን ጥርሱ የሚራገፈው አንትወርፕ ላይ ነበር። የአንድ እንግሊዛዊ የመርከብ ኩባንያ ጸሐፊ የነበረው ኤድመንድ ሞሬል የወደቡን መዝገብ ሲመረምር፣ ከኮንጎ ብዙ ሀብት እንደሚመጣ፣ ወደ ኮንጎ የሚሄደው ግን በአብዛኛው ጠመንጃና ጥይት መሆኑን ተገነዘበ። ከዚህም ተነሥቶ ያ ንግድ ሳይሆን በግዴታ ሥራ የሚደረግ ዘረፋ መሆኑን ለዓለም አጋለጠ። በኮንጎ የንጉሡ ወታደሮች ለተኮሱት ጥይት ማስረጃ እንዲሆን የሰው እጅ ይቈርጡ ነበር። ግፈኛው ኬላ ጠባቂ በእጁ መቈረጥ የተቀጣበትን ሐውልት ከተማው ባቆመበት ዘመን፣ በወደቡ የሚራገፈው ጎማ በተቈረጠ እጅ ይሰበሰብ ነበር። ይህን ንጽጽር ያቀረበው ራሱ ታሪክ ነው።

፮. በ1944 የተገኘው ትምህርት

መስከረም 4 ቀን 1944 የእንግሊዝ ጦር አንትወርፕን ከጀርመኖች ሲያስለቅቅ፣ በቤልጅግ አርበኞች ርዳታ ወደቡ ከነመሣሪያው ሳይፈርስ ማለት ይቻላል ተገኘ። የጦሩ ነዳጅና ስንቅ ከሩቅ ከኖርማንዲ በመኪና ይጓጓዝ ስለ ነበር ይህ እጅግ ትልቅ ዕድል መሰለ። ነገር ግን የወንዙ ሁለት ዳርና በአፉ ላይ ያለችው የዋልኸረን ደሴት በጀርመኖች እጅ ነበሩ። ስለዚህ ሙሉው ወደብ ለሦስት ወር ያህል አንዲት መርከብ ሳይቀበል ቆመ። ወንዙን ለማስለቀቅ በጥቅምትና በኅዳር በተደረገው ውጊያ ከቃል ኪዳኑ አገሮች ጦር 12,873 ሰው ሞተ፣ ቈሰለ ወይም ጠፋ፤ ከነዚህም ግማሽ ያህሉ ካናዳውያን ነበሩ። የመጀመሪያው የጭነት መርከብ ጓድ የገባው ኅዳር 28 ቀን ነው። ጀርመኖችም ወደቡን በሮኬት መደብደባቸውን አላቆሙም። ታኅሣሥ 16 ቀን ሬክስ በተባለው ሲኒማ ቤት ላይ የወደቀው አንድ ሮኬት ብቻ 567 ሰው ገድሏል። ፋርኔዜ በ1585 ያወቀውን የኋለኞቹ የጦር አለቆች ዘንግተውት በብዙ ደም እንደ ገና ተማሩት።

፯. ዛሬ ያለበት ሁኔታ

ከጦርነቱ በኋላ ወደቡ ከአሮጌው ከተማ እየራቀ ወደ ሰሜን ሄደ። ለአዲሶቹ ገንዳዎች ቦታ ለመልቀቅ የገበሬ መንደሮች ጠፉ። ዊልማርስዶንክ ከሚባለው መንደር የቀረው የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ብቻ ሲሆን ዛሬ በዕቃ ሣጥኖች መካከል ቆሞ ይታያል። ውሃው ከፍና ዝቅ ቢልም በገንዳው ውስጥ ያለው መርከብ እንዳይናወጥ የሚያደርጉት የውሃ በሮች እጅግ ግዙፍ ናቸው። በ1989 የተከፈተው የቤረንድሬኽት በርና በ2016 የተከፈተው የኪልድሬኽት በር እያንዳንዳቸው 500 ሜትር ርዝመትና 68 ሜትር ስፋት አላቸው። በ2022 ወደቡ ከዜብሩጅ ወደብ ጋር በአንድ አስተዳደር ሥር ሆኗል። እንዲህም ሲሆን ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የተቀናቀኑት ብሩጅና አንትወርፕ በስም እንኳ ተጣመሩ።

የወንዙ አፍ ጥያቄ ግን መልኩን ለወጠ እንጂ አልቀረም። መርከቦች እየተለቁ ስለ ሄዱ ወንዙ መጠረግና መጥለቅ አለበት፤ የሚጠረገው ደግሞ በሆላንድ ግዛት ውስጥ ነው። በ2005 ሁለቱ ወገኖች በተፈራረሙት ውል ወንዙ እንዲጠልቅ ሲፈቀድ፣ በምትኩ ለባሕር ወፍና ለተፈጥሮ የሚሆን መሬት ለውሃ እንዲለቀቅ ተስማሙ። አባቶቻቸው ከባሕር ነጥቀው ያለሙትን መሬት መልሶ ለባሕር መስጠት ለዜላንድ ገበሬዎች መራራ ነገር ስለ ነበር ክርክሩ ብዙ ዓመት ፈጀ። የሄድዊግ መሬት ግድብ ተከፍቶ ውሃ የገባበት በ2022 ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው የአንትወርፕ ሰዎች ጠባይ ከወንዛቸው ታሪክ የማይለይ መሆኑን ነው። ሲኞረን የሚባለው ቅጽል ስማቸው ከስፓኝ ቃል የመጣ ሲሆን ኩራታቸውን ያመለክታል። ነገር ግን ይህ ኩሩ ሕዝብ በየዘመኑ ከጎረቤቱ ጋር በጠረጴዛ ዙሪያ ለመቀመጥ ተገዷል። ወንዙ በኃይል ተዘግቷል፤ በኃይልም የተከፈተበት ጊዜ አለ። በኃይል የተከፈተው ግን ኃይሉ ባለፈ ጊዜ እንደ ገና ለክርክር ቀርቧል፤ ጸንቶ የቆየው በ1863 ሁሉም ድርሻውን ከፍሎ የፈረመበት ነው። በሌላ በኩል የኮንጎ ታሪክ እንደሚያሳየን የወደብ መከፈት ብቻውን በጎ ነገር አይደለም፤ በተከፈተው በር የሚገባው ምን እንደ ሆነና በማን ላብ እንደ መጣ መጠየቅ ይገባል። ስለ ወደቦች የሚያጠና ተማሪ እንግዲህ ሦስት ነገሮችን አብሮ ሊመረምር ይገባዋል፤ አንደኛ ውሃውን፣ ሁለተኛ ውሉን፣ ሦስተኛም ሸቀጡን ያፈራውን ሰው።